ወረቀት የለበሰው ዛፍ

ፈረንሳዊው ፍሬዴሪክ ካዮ እ.ኤ.አ. በ1822 መጀመሪያ የበርታን ምድር ሲረግጥ ቅጠል ሊለቅም አልመጣም። ሙያው ማዕድን ነበር። አብሮት የተጓዘው የኢስማኢል ፓሻ ጦር ደግሞ የግብጹ ገዥ መሐመድ አሊ ለወርቅና ለባሪያ ፍለጋ የላከው ነው። ከሰናር ተነስተው፣ ፋዞግሊን አልፈው፣ ዛሬ ቤኒሻንጉል ጉሙዝና ሱዳን ወደሚዋሰኑበት ተራራማ አገር ዘለቁ። ወርቁ እንደተመኙት አልሆነም፤ መንደሮቹ ግን በባሪያ ዘመቻው ፍዳቸውን አዩ።

ካዮ ያደረቃቸውን ዕፅዋት ይዞ ተመለሰ። የመረመራቸው በወጣትነቱ ከናፖሊዮን ጋር ግብጽ የሄደው፣ ኋላም በሞንፔልዬ የዕፅዋት መምህር የሆነው ዴሊል ነው። በ1826 በታተመው ሥራው ውስጥ አንዱ ዛፍ «ፓፒሪፌራ» የሚል ስም ይዞ ወጣ፤ ወረቀት ተሸካሚ ማለት ነው። በ1843 ጀርመናዊው ሆክሽቴተር ዛሬ ወደሚታወቅበት ወገን አዛወረውና ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ተባለ።

የዕጣን ዛፍ ነው።

ስሙን ያወጣለት ቅርፊቱ ነው። በበጋ ቅጠሉ ረግፎ ራቁቱን ሲቆም፣ ከግንዱ ላይ ስስ ልጣጭ እየተቀረፈ ይንጠለጠላል፤ ፀሐይ ከኋላው ስትመታው ብርሃን ያሳልፋል፣ ነፋስ ሲነካው ይንኮሻኮሻል። ዕጣን ለቃሚው ከሥሩ ያለውን ቅርፊት በስለት በስሱ ይፍቀዋል። ነጭ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ይልና ይረጋል። ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ የደረቀውን ይለቅማል፣ ቁስሉንም ትንሽ ያሰፋዋል፤ እስከ ክረምት መግቢያ እንዲሁ ይመላለሳል።

ታዲያ «አዲስ ዝርያ» የሚለው ማዕረግ ለአውሮፓ መዝገብ እንጂ፣ ጭሱን በቅዳሴና በቡና ላይ ሲያሸት ለኖረው ሰው ፈገግ የሚያሰኝ ነው።

ዛፉ ዛሬ የሚወራለት ግን በስሙ አይደለም። በ2019 የወጣ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን 23 የዕጣን ደኖችን ተመልክቶ፣ ከመቶ 75 በላይ በሚሆኑት ውስጥ ለጋ ዛፍ አጣ። ችግኙን እሳትና ከብት ይጨርሱታል። ቅርፊቱ መፋቁም የራሱ ዕዳ አለው፦ በ2006 በወጣ የኤርትራ ጥናት፣ ካልተፋቁ ዛፎች ዘር ከመቶ 80 በላይ ሲበቅል፣ ከተፋቁት የበቀለው ከ16 በታች ነው።