ቶኒንግ ወይም «ውይበት»፦ የጠገራ ብር ጥቁረት ለምን ይፈለጋል?

ጠገራ ብር አዳማ ውስጥ ወርቅ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚወጣው ሚዛን ላይ ነው። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ንጹሕ ብሩ 23 ግራም ከምናምን፤ ሒሳቡ በዚሁ ያልቃል። ጠቁሮ ከሆነ ባለቤቱ አስቀድሞ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና ፈትጎ፣ አብለጭልጮ ያመጣዋል። ይህን የሚያይ ሳንቲም ሰብሳቢ ያዝናል። የተፈተገው ብር ክብደቱ ባይቀንስም፣ ሰብሳቢ ሊከፍልበት የሚችለው ተጨማሪ ዋጋ አብሮ ታጥቦ ሄዷል።

ያ ጥቁረት በሰብሳቢዎች ዘንድ ቶኒንግ ይባላል። በአማርኛ «ውይበት» ቢባል ያስኬዳል። ነጭ ልብስ፣ የቆየ ወረቀት ወይም ናስ ከጊዜ ብዛት ቀለሙ ሲለወጥ «ወየበ» እንላለን፤ የመነኮሳቱ ወይባም ከዚያው ግስ የመጣ ነው። «ዝገት» ማለት ግን ያሳስታል። ዝገት ብረቱን እየበላ ይሄዳል፤ ውይበት ስስ ሽፋን ነው፣ ከሥሩ ያለው ፊደልና ምስል ቁልጭ ብሎ ይቆያል።

ሽፋኑን የሚፈጥረው በአየር ውስጥ ያለ ድኝ ነው፤ በተለይ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ። ጋዙ ብርን ሲነካ ብር ሰልፋይድ ይፈጠራል። መጀመሪያ ፈዛዛ ቢጫ ይታያል፣ ቀጥሎ ወርቃማ ቡናማ፣ ከዚያ ሐምራዊና ሰማያዊ፣ ሽፋኑ ሲወፍር ደግሞ ጥቁር። ቀለሞቹ ከውጭ የተቀቡ አይደሉም። ከሽፋኑ ላይና ከሥሩ የሚንጸባረቀው ብርሃን ሲገናኝ የሚፈጠሩ ናቸው፤ የሳሙና አረፋ ላይ እንደሚታየው ኅብር ማለት ነው። ሱፍ፣ ቆዳ፣ ርካሽ ካርቶንና እርጥበት ሥራውን ያፋጥኑታል። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ በተዘረጋው ስምጥ ሸለቆም ምድሩ ራሱ ይተነፍሳል፤ በአሉቶ ላንጋኖ እንዳለው ዓይነት የከርሰ ምድር እንፋሎት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ጋዝ ይዞ ይወጣል።

ውይበት ለእኛ አገር ሳንቲም ከሌላው ይበልጥ የሚጠቅምበት ምክንያት አለ። በጠገራ ብር፣ ማለትም በማርትሬዛው ላይ፣ የተጻፈው ዓመት 1780 ብቻ ነው። ምስሏ ያለበት የኦስትሪያ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በዚያ ዓመት ከሞተች በኋላ ሳንቲሙ ዓመቱ ሳይለወጥ በቪየና፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በቦምቤይ ሲመታ ኖሯል፤ ሙሶሊኒም ለኢትዮጵያው ወረራ በሮም አስመትቶታል። ቪየና ዛሬም ትመታዋለች። የድሮ ነጋዴ በዘውዱ ላይ ያሉትን ዕንቁዎችና የትከሻዋን ጌጥ እያየ እውነተኛውን ይለይ ነበር፤ መቼ እንደተመታ ግን ሳንቲሙ አይናገርም። የት እንደኖረ የሚመሰክረው ገጹ ነው። በቆዳ ከረጢት ተቋጥሮ የኖረው አንድ ዓይነት ይወይባል፤ ጆሮ ተበይዶለት በሴቶች አንገት ላይ የዋለው ሌላ ዓይነት፤ ልብስ የፈተገው ፊቱ ነጥቶ፣ ጉድጓዱ ጠቁሮ።

እርግጥ ነው፣ ጥቁር ሁሉ ውድ አይደለም። ፓሪስ የተመታውን፣ ፲፰፻፹፯ የሚል ዓመት የያዘውን የምኒልክ ብር ከመብራት ሥር ዘንበል አድርጎ ማየት ልዩነቱን ያሳያል። ጥሩ ከወየበ የአንበሳው ጋማና የንጉሡ ዘውድ ጫፍ ጫፉ ግራጫ ሆኖ ይነጣል፣ በፊደሎቹ መካከል ያለው ሜዳ ይጠቁራል፣ ጽሑፉም ከአዲሱ ይልቅ ይነበባል። ከጥቁሩ ሥር ደግሞ ወዝ አለ፤ ሳንቲሙ ሲንቀሳቀስ ብርሃኑ አብሮ ይዞራል። ወዝ የሌለው፣ እንደ ከሰል የደረቀ ጥቁር ግን ዋጋ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። በአሜሪካ፣ በግምጃ ቤት የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ለዓሥርተ ዓመታት የተቀመጡ የሞርጋን ዶላር የተባሉ የብር ሳንቲሞች አሉ፤ ጨርቁን የነካው ፊታቸው ቀስተ ደመና የመሰለ ኅብር ሲያወጣ ሰብሳቢዎች ከነጩ አቻቸው ብዙ እጥፍ ይከፍሉባቸዋል። ተራ ጠገራ ብር እዚያ አይደርስም፤ ብዛቱ አይፈቅድለትም። ደህና የተያዘ የምኒልክ ብር ግን ሌላ ነገር ነው።

ገንዘብ ባለበት አስመሳይ አይጠፋም። በእንቁላል አስኳል ወይም በድኝ ጢስ በጥቂት ቀን የተጠቆረ ሳንቲም አለ። ቀለሙ ከዳር ወደ መሐል ቀስ እያለ አይሄድም፤ በአንድ ጊዜ የተደፋ ይመስላል፣ የቀለሞቹም ተራ ይዛባል። እንደ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ ያሉ የአሜሪካ ደረጃ መዳቢዎች እንዲህ ያለውንም ሆነ ተፈትጎ የጸዳውን ሳንቲም ከመደበኛው ደረጃ ውጭ ያደርጉታል።

መፈተግ ከሁሉ የሚከፋው የአክሱም ሳንቲም ላይ ነው። የአክሱም ነገሥታት አንዳንድ የብርና የነሐስ ሳንቲሞቻቸውን በስስ ወርቅ ያስጌጡ ነበር፤ በአንዳንዱ ነሐስ ላይ ወርቁ ከንጉሡ ራስ ኋላ ያበራል። በጠቆረ ነሐስ ላይ ያ ወርቅ ደምቆ ይታያል፤ አሲድና ብሩሽ ግን ሊያነሡት ይችላሉ። እነዚህ ሳንቲሞች ቅርስ ናቸው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል።

ቤቱ የጠቆረ ጠገራ ብር ያለው ሰው ሊያደርገው የሚገባው ጥቂት ነው። ዳሩን ይዞ ማንሳት፣ መልኩን ፎቶ አንስቶ መመዝገብ፣ አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቅልሎ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ። ለስላሳ የፕላስቲክ ኪስ ብዙ ጊዜ ፒቪሲ ስለሆነ ከዓመታት በኋላ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ያወጣል፤ ያኛው ውይበት ሳይሆን ብሩን የሚበላ ጉዳት ነው፣ ቶሎ ወደሚያውቅ ሰው መውሰድ ያስፈልጋል።