የዝውውር ዜና፦ ከ«ተስማማ» እስከ «ፈረመ»

ክረምት ሲገባ ጨዋታው ይቆማል፣ ወሬው ግን አይቆምም። ከጭሮ እስከ ገለምሶ ያለን የኳስ ወዳጆች «ድሬዳዋ ከተማ ማንን አስፈረመ?» እያልን ስልክ ላይ እናመሻለን።

«ንግግር ላይ ነው» ከተባለ ገና ምንም የለም። «ተስማማ» ሲባል ቃል ተገባብተዋል፤ ሊፈርስ ግን ይችላል (ስንቴ ጉድ ሆነናል!)። «ፈረመ» ከተባለም በኋላ ተጫዋቹ ካልተመዘገበ ሜዳ አይገባም። ውጭ አገር ከሆነ ደግሞ ዓለም አቀፍ የዝውውር ሰርተፍኬት ያስፈልገዋል፤ ጉዳዩም በፊፋ የኦንላይን ሲስተም ነው የሚያልፈው።

አቡበከር ናስርን አስታውሱ። በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አግብቶ የሊጉን የአንድ ውድድር ዘመን የጎል ሪከርድ ሰበረ። በ2014 የውድድሩ አጋማሽ ላይ የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ እንዳስፈረመው ተሰማ። እሱ ግን ውድድሩ እስኪያልቅ የቡናን ማሊያ ለብሶ ነው የተጫወተው። ዜናው እውነት ነበር፣ ቀኑ ግን ገና ነበር።

ለምትጫወቱት ደግሞ፦ «ውጭ አስፈርምሃለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት የፊፋ የወኪልነት ፈቃዱን ጠይቁት። ማሊያ የያዘ ፎቶ ማስረጃ አይደለም፤ በስልክ አፕ በሁለት ደቂቃ ይሠራል።