ድምፁና ዒላማው፤ የሽጉጥ ታሪክ ከከሚሴ መንገድ ሲታይ

የአገራችን የጦር ታሪክ ሲጻፍ ጠመንጃ ይቆጠራል። ይህ ንጉሥ ይህን ያህል ሺህ አስገባ፣ ያኛው ራስ ይህን ያህል አስታጠቀ፣ በዚያ ጦርነት ይህን ያህል ተማረከ ይባላል። እኛም ቁጥሩን በቃላችን ሸምድደን ለፈተና እንቀርባለን። ታዲያ አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ተዘልሎ ይቀራል። ከተተኮሰው ውስጥ ስንቱ መታ? ተኳሹስ መምታትን የት፣ እንዴት፣ በስንት ጥይት ተማረው? በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ይህንኑ ነው። ከመሣሪያዎችም መካከል ለመያዝ ቀላሏን፣ ለመምታት ግን አስቸጋሪዋን ሽጉጥን መርጠናል።

መነሻችን ከሚሴ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለችው ይህች ከተማ ዛሬ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በአንድ ወገን የወሎና የሸዋ ደጋ ቆሟል፤ በሌላው ወገን አገሩ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። በመካከሉ የቦርከና ወንዝና የጨፋ ሜዳ አሉ። በበጋ የአፋርና የኦሮሞ ከብት አርቢ ለሣርና ለውሃ እዚያ ይገናኛል፤ ሰኞ ሰኞ ደግሞ የባቲ ገበያ ደገኛውንና ቆለኛውን ያገበያያል። ሰውና ሸቀጥ የሚተላለፍበት በር ጦርም ይተላለፍበታል። ስለዚህ የመሣሪያን ታሪክ ከዚህ ቦታ ሆኖ ማየት ከቤተ መንግሥት ሰገነት ሆኖ ከማየት ይሻላል እንላለን።

አስቀድመን ስሞቹን እንይ። «ጠበንጃ» ወይም «ጠመንጃ» የምንለው ቃል ከቱርክ ቋንቋ በዐረብኛ በኩል የመጣ ነው። የሚገርመው በቱርኮቹ ዘንድ ቃሉ የሚጠራው ረጅሙን መሣሪያ ሳይሆን ሽጉጥን ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ስሙ ለረጅሙ ተሰጠ። ለአጭሩ ሌላ ስም አስፈለገና «ሸጎጠ» ከሚለው ግሥ «ሽጉጥ» ወጣ። ከወገብ፣ ከኩታ ሥር፣ ከትራስ በታች የሚሸጎጥ ማለት ነው። የከሚሴ ኦሮሞ ረጅሙን «ቀዌ» ብሎ በራሱ ቋንቋ ሲጠራ አጭሩን ግን «ሹጉጢ» ይለዋል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ስሙ ስለ መደበቁ ይነግረናል እንጂ ስለ መምታቱ አንዳች አይልም።

ባሩድ ወደዚህ አካባቢ የመጣው በድምፁ ነው ብንል አልተሳሳትንም። በ1521 ዓ.ም. በሽንብራ ኩሬ ድል ያደረገው ኢማም አሕመድ ኢብራሂም ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1523 ዓ.ም.፣ ከከሚሴ ብዙ በማይርቀው በአንጾኪያ አገር ከንጉሡ ጦር ጋር ተጋጠመ። ኢማሙ ከባሕር ማዶ የመጡ መድፎች ነበሩት። መድፎቹ ሲያጓሩ የንጉሡ ሠራዊት ተደናግጦ ተበተነ። የዚያ ዘመን መድፍ በትክክል የሚያነጣጥር መሣሪያ አልነበረም፤ የገደለው ሰው ካባረረው ሰው ጋር ሲመዛዘን ጥቂት ነው። ሠራዊቱን የፈታው ያልለመደው ጩኸት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሣሪያ ማለት ድምፅ ነው የሚል እምነት በአገራችን ሥር የሰደደ ይመስለናል።

ወደ ደጋው ወጥተን መቅደላ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይገለበጣል። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድፍ የነበራቸውን ፍቅር የማያውቅ የለም። ጋፋት ላይ ያሠሩትን «ሴባስቶፖል»ን ያን ሁሉ ገደል ጎትተው ወሎ አስገቡት። ይሁንና ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ውጊያው ሲጀመር ከፋላ አምባ ላይ የተተኮሱት መድፎች በእንግሊዞቹ ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላደረሱም። በአንጻሩ እንግሊዞቹ ከኋላው የሚጎርሰውን አዲሱን ስናይደር ጠመንጃ ይዘው ነበር። የንጉሡ ወታደር ባሩዱንና አረሩን በአፈሙዙ ከቶ፣ ጠቅጥቆ አንድ ጊዜ እስኪተኩስ ድረስ እነርሱ ብዙ ጊዜ ይተኩሳሉ። ያን ቀን ከኢትዮጵያውያን ወገን 700 ያህል ሰው እንደ ሞተ ይነገራል። ከእንግሊዞቹ የቆሰሉት 20 ያህል ሲሆኑ ከእነርሱም የሞቱት ሁለት ናቸው። ጀግንነት ጎድሎ አይደለም፤ ወደ ታች እየተንደረደሩ የወረዱት ሰዎች ጀግንነት ምስክር አያሻውም። የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ በታሪካችን ከሁሉ የታወቀችው ሽጉጥ ተተኮሰች። ንግሥት ቪክቶሪያ ለቆንሲሏ ለፕላውደን ስለተደረገው ደግነት ምስጋና ብላ የላከቻት ስጦታ ነበረች። ንጉሡ በወዳጅነት የተሰጣቸውን መሣሪያ በራሳቸው ላይ ተኮሱት። እዚህ ላይ ብዙ ተጽፏል፤ እኛ የምንጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስጦታው የሹም ማጌጫ ሆኖ መጥቶ ዓመታት ከቆየ በኋላ፣ ታሪክ የሚያስታውሰው ተኩሱ አንድ ነው፤ እሱም ርቀት የሌለው፣ ማነጣጠር የማያስፈልገው ተኩስ። ሽጉጥ በአገራችን ሰው ዘንድ የክብር ዕቃ እንጂ የልምምድ ዕቃ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላገኘንም።

ለመሆኑ ልምምድ ለምን አልነበረም? መልሱን በስንፍና ወይም በባሕል ላይ መለጠፍ ይቀላል። እውነተኛው መልስ ግን ከኢኮኖሚው ላይ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በአገራችን ገበያ ጥይት ገንዘብ ነበር። ከማርያ ትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጋር እኩል ይመነዘር ነበር፤ በተለይ የውጅግራ ጥይት። ውጅግራ ማለት ፈረንሳዮች «ፉዚል ግራ» የሚሉት የ1874 እ.ኤ.አ. ሥሪት ባለ አንድ ጎራሽ ጠመንጃ ነው፤ ስሙን የእኛ ሰው አፉ እንዳመቸው አደረገው። እንግዲህ ገንዘብን በባዶ ሜዳ እንጨት ላይ የሚተኩስ ማን ነው? ዛሬ ከኪሳችን ብር አውጥተን በክብሪት እንደ ማቃጠል ነው። ተኩሰው የጣሉትን ቀለህ እንኳ ሰው ይለቅመዋል፤ ባሩድና እርሳስ አግኝቶ እንደገና ይሞላዋል። በእጅ የተሞላ ጥይት ደግሞ አንዱ ከሌላው ስለማይመሳሰል አንዱ አልፎ፣ አንዱ አጥሮ ይወድቃል። እጅ የቱንም ያህል ቢረጋ ባሩዱ አይረጋም።

ታዲያ ከዚሁ ችግር ሁለት ዓይነት ተኳሽ ወጣ። አንደኛው ባለጸጋው ነው፤ በሠርግ፣ በሹመት፣ በለቅሶ ወደ ሰማይ ይተኩሳል፤ ሀብቱን በድምፅ ያሳያል። ሁለተኛው ሦስትና አራት ጥይት በዝናሩ ይዞ የሚያድር ባላገር ነው። ይህ ሰው ዒላማው እስኪቀርበው ይጠብቃል፣ እንጨት ይደገፋል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ካልሆነለትም ሳይተኩስ ይመለሳል። «አልሞ ተኳሽ» የሚባለው ይኼኛው ነው። መምህሩ ድህነቱ ነበር ማለት እንችላለን። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ጦራችን ከተሸነፈ በኋላ ጣሊያን ደሴን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ፣ በየገደሉ የቀረው አርበኛ አምስት ዓመት የተዋጋው በዚህ ቁጠባ ነው።

ሽጉጥ ግን ወደ ባላገሩ እጅ ብዙ አልወረደችም። የመኳንንቱ፣ ቀጥሎም የመኮንኑ ጌጥ ሆና ቀረች። የጣሊያን መኮንኖች ይይዟት የነበረችው ቤሬታ፣ 1934 እ.ኤ.አ. የተባለችው ሥሪት፣ ሰባት ጥይት የምትጎርስ ትንሽ ዕቃ ናት። ከ1969 ዓ.ም. በኋላ የሶቭየት መሣሪያ በገፍ ሲገባ ማካሮቭ መጣች፤ ስምንት ጥይት ትጎርሳለች። ከወገቡ ማካሮቭ የታጠቀ ካድሬ የዚያ ዘመን ሥዕል ሆኖ በሰው ዐይን ቀርቷል። ዘመን ተለወጠ፣ ሥሪቱ ተለወጠ፣ የዕቃው ሥራ ግን ያው ነው። ትታያለች፤ ታስፈራለች።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ፤ ይህን ሳይረዱ ታሪኩን መረዳት አይቻልምና። ሽጉጥ ለምን ትስታለች? ተኳሹ የሚያነጣጥረው በኋላው ስንጥቅና በአፈሙዙ ጫፍ ባለው ጉብታ መካከል ነው። በማካሮቭ ላይ በእነዚህ ሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የፊተኛው ጉብታ በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያጋድል በ25 ሜትር ላይ ጥይቱ 19 ሳንቲ ሜትር ያህል ይስታል። ይኸው ስሕተት በክላሽ ላይ ቢሠራ፣ የማነጣጠሪያው ርቀት 38 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የሚስተው 6 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ረጅሙ መሣሪያ ትከሻም አለው፤ አጭሩን የሚደግፈው የእጅ አንጓ ብቻ ነው።

ሌላው ጠላት ራሱ ድምፁ ነው። ጀማሪ ተኳሽ ቃታውን ሊስብ ሲል ጩኸቱንና ምቱን ቀድሞ ይፈራል፤ ሳያውቀው እጁ ይጨብጣል፣ አፈሙዙ ያዘቀዝቃል፣ ጥይቱ ከዒላማው በታች ያርፋል። አንጾኪያ ላይ ሠራዊት የበተነው ድንጋጤ በአንድ ሰው የእጅ አንጓ ውስጥ እንደገና ይነሣል ማለት ነው። መድኃኒቱም በዓለም ላይ የታወቀ ነው። ዐይንን ከዒላማው ይልቅ በፊተኛው ጉብታ ላይ ማሳረፍ፣ ጭብጡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ማድረግ፣ ቃታውን ሳይቸኩሉ ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ መሳብ፣ ተኩሱ ካለፈም በኋላ ለአፍታ እንዳሉ መቆየት ነው። ከሁሉም በላይ ባዶ መሆኑ ሁለቴና ሦስቴ በተረጋገጠ መሣሪያ፣ ያለ ጥይት፣ ደጋግሞ መለማመድ ነው። የኦሊምፒክ ተኳሾች ብዙ ሰዓት የሚያጠፉት በዚህ ባዶ ልምምድ ነው። በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ውድድር 10 ነጥብ የምታሰጠው ክብ ስፋቷ 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት፤ እሷን በጩኸት የሚመታ የለም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ካሮይ ታካች የተባለው የሀንጋሪ ወታደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 የእጅ ቦምብ ፈንድቶ የሚተኩስበትን ቀኝ እጁን አጠፋበት። ሰውዬው ማንም ሳያየው በግራ እጁ ከዜሮ ጀመረ። በ1948 በለንደን፣ በ1952 በሄልሲንኪ በፈጣን ሽጉጥ ተኩስ የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። ጀግና ሆኖ ስለ ተወለደ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ይሆናል። እኛ ግን የምናየው ለብቻ የተሠራውን የዝምታ ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ለከሚሴ ምን ይፈይዳል የሚል አንባቢ አይጠፋም። ይፈይዳል እንጂ! በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ በፈቃድ እንዲያዝ ደንግጓል። በዓመቱ፣ በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ፣ በአጣዬና በአካባቢዋ እንዲሁም በዞኑ ወረዳዎች በተነሣው ግጭት የሁለቱም ወገን ሰዎች ሞቱ፣ ተፈናቀሉ፤ አጣዬ ተቃጠለች። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ድረስ ወረደ። በዚህ መንገድ ላይ ዛሬ የቸገረው ጥይት ማጣት አይደለም። የአያቶቻችን ዝናር ሦስት ጥይት ነበረውና ባለቤቱ ሁሉን እያሰበ ያወጣ ነበር። ጥይቱ ሲረክስ ማሰቡም አብሮ ረከሰ። በሠርግ ወደ ሰማይ የተተኮሰውም ቢሆን ሰማይ ላይ አይቀርም፤ የሰው ቤት፣ የሰው ልጅ ላይ ይወርዳል። ዒላማ የሌለው ተኩስ የሚመታው ሁልጊዜ አንድ ያልታሰበ ሰው ነው።

በአማርኛችን «ዓላማ» እና «ዒላማ» የሚለያዩት በመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው። አልሞ ተኳሹ ባላገር ሁለቱን አይለያይም ነበር። ምን እንደሚመታ ያወቀ ሰው ምን መምታት እንደሌለበትም ያውቃል፤ ትክክለኛ አተኳኮስ ግማሹ ይኸው ነው። ይህን ግማሽ ግን የጦር ታሪካችን አልመዘገበውም፤ ያልተተኮሰ ጥይት በማንም ዜና መዋዕል አይጻፍምና።

ስለዚህ የታሪክ ጥናት ጓደኞቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። በክረምት ዕረፍት ወደ ከሚሴ፣ ወደ ባቲ፣ ወደ ሰንበቴ የምትወርዱ ሁሉ፣ ሽማግሌዎቹን ስታገኙ «ስንት ጠመንጃ ነበረ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «አባባ፣ ስንት ጥይት ነበረዎ? አነጣጥረው ሳይተኩሱ የተመለሱበት ቀንስ አለ? ለምን ተዉት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም ሳታሳጥሩ ጻፉት።