የልብ አንጂዮግራፊ ኮንትራስት እና ኩላሊታችን

በልብ አንጂዮግራፊ ወቅት ወደ ደም ስር የሚገባው ኮንትራስት አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ነው። የልብ ደም ስሮች በራጅ ጎልተው እንዲታዩ ያደርጋል፤ ከሰውነት የሚወጣው ግን በኩላሊት በኩል ነው። ጤነኛ ኩላሊት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ችግር ያስወግደዋል። ስጋቱ የሚበረታው ኩላሊታቸው ቀድሞ በተዳከመ፣ በተለይም ስኳር ወይም የልብ ድካም ባለባቸውና የሰውነታቸው ፈሳሽ ባነሰ ሰዎች ላይ ነው። ስለዚህ ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት ክሬቲኒን እንዲለካልን እንጠይቅ።

ዋናው መከላከያ ቀላል ነው፦ ከምርመራው በፊትና በኋላ ኖርማል ሳላይን በደም ስር መስጠትና የኮንትራስቱን መጠን መቀነስ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመውና 5,000 ገደማ ታካሚዎችን ያካተተው ፕሪዘርቭ የተሰኘ ጥናት፣ ለዓመታት ሲታዘዝ የኖረው አሲታይልሲስቴይን ጥቅም እንዳላሳየ፣ ሶዲየም ባይካርቦኔትም ከሳላይን እንዳልበለጠ አረጋግጧል።

የልብ ድካም ያለበት ሰው ግን በራሱ ፈቃድ ውሃ አያብዛ፤ ፈሳሹ ሳንባው ላይ ሊጠራቀም ስለሚችል መጠኑን ሐኪሙ ይወስን። እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ኩላሊትን ስለሚጎዱ በነዚያ ቀናት ይቅሩ። ሜትፎርሚን የሚወስዱም ማቆም ያስፈልጋቸው እንደሆነ ይጠይቁ።

ቀጠሮው ረመዳን ላይ ከዋለ ጾመኛ መሆናችንን ለሐኪሙ አንደብቅ። አላህ በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 185 ለታመመ ሰው ማፍጠርንና በሌላ ቀን ቀዷ ማውጣትን ፈቅዷል።

ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ ስለዚህ ስጋት ያለበት ሰው ከ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ክሬቲኒኑን በድጋሚ ይለካ። ሽንት ከቀነሰ ወይም እግር ካበጠ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።