ሥጋ ደዌ፣ ዘረ መልና «ቶል» የተባለው ዘበኛ

በአንድ ጣሪያ ሥር ከሚኖሩ ሰዎች አንዱን ሥጋ ደዌ ሲይዘው ብዙውን ጊዜ ሌሎቹን አይነካቸውም። ለምን? እኔ እየሰማሁት ያደግሁት መልስ «የዘር ነው» የሚል ነበር። ይህች ቃል ስንት ጋብቻ እንዳስቀረች አንባቢ ያውቃል። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ መሆኑን ኖርዌጂያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን የደረሰበት በ1873 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይሁንና ዘረ መል በነገሩ ውስጥ ፈጽሞ እጁ የለበትም ማለት አይቻልም።

ጉዳዩ «ቶል መሰል ተቀባዮች» ወደሚባሉት ፕሮቲኖች ይወስደናል። «ቶል» በጀርመንኛ «ድንቅ ነው!» እንደማለት ሲሆን፣ ስሙ መጀመሪያ የተሰጠው ለአንድ የፍራፍሬ ዝንብ ዘረ መል ነው። በ1996 የዡል ሆፍማን ቡድን በፈረንሳይ ይህ ዘረ መል የተበላሸባቸው ዝንቦች በሻጋታ ተወርረው እንደሚያልቁ አሳየ። በሰው ላይ አሥር ዓይነት ተቀባዮች አሉ። የመከላከያ ሴሎቻችን በእነርሱ አማካይነት የተህዋሲያንን መለያ ያነባሉ፤ አምስተኛው ባክቴሪያ የሚዋኝበትን ጅራት፣ ሦስተኛው የቫይረስን ድርብ አርኤንኤ፣ አራተኛው ደግሞ ኢንዶቶክሲን የሚባለውን የአንዳንድ ባክቴሪያዎች የሽፋን መርዝ ያውቃል።

ዘበኛው ንቁ በሆነ ቁጥር ጥሩ ይመስላል። የብሩስ ቦይትለር አይጦች ግን ሌላ ነገር ይናገራሉ። ኢንዶቶክሲን ሲወጉ የማይሞቱ አይጦች ነበሩ፤ በ1998 ምክንያቱ ሲገኝ አራተኛው ተቀባያቸው የተበላሸ ሆነ። መርዙ የሚገድለው በራሱ ሳይሆን ሰውነት ከልክ በላይ ስለሚቆጣ ነው ማለት ነው። እነዚያው አይጦች ታዲያ ጥቂት የሳልሞኔላ ባክቴሪያ ይበቃቸዋል። ቦይትለርና ሆፍማን በ2011 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

በ2020 ደግሞ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በኮቪድ ክፉኛ የታመሙ፣ ቀድሞ ጤነኛ የነበሩ አራት ወጣት ወንዶችን መረመሩ። ሁለት ሁለት ሆነው የሁለት ቤተሰብ ወንድማማቾች ሲሆኑ፣ ሰባተኛው ተቀባያቸው አይሠራም ነበር። ይህ ዘረ መል ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሚገኝና ወንድ ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ስለሆነ፣ እርሱ ከተበላሸ መተኪያ የለውም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ2009 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ 441 የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን ከ197 ጤነኞች ጋር አነጻጽሯል። በአራተኛው ተቀባይ ላይ የሚታወቅ አንድ የዘረ መል ለውጥ ከጤነኞቹ 20 በመቶ ያህሉ ላይ ሲገኝ ከታማሚዎቹ ግን 8 በመቶ ያህሉ ላይ ብቻ ተገኘ። የተለወጠ ዘበኛ ያላቸው ሰዎች ከበሽታው ይበልጥ የተጠበቁ ይመስላሉ። እኔን ብዙም አላስገረመኝም፤ በሥጋ ደዌ ነርቭን የሚጎዳው በአመዛኙ የሰውነት የራሱ ቁጣ ነውና።

ይህ «የዘር ነው» ለሚሉት ማስረጃ የሚሆን አይደለም። ከጤነኞቹም 80 በመቶ ያህሉ ለውጡ የላቸውም፤ ልክ እንደ አብዛኞቹ ታማሚዎች። ባክቴሪያው ሳይኖር በሽታው የለም፤ ባክቴሪያው ካለም ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን በጥምር ተወስደው ከ6 እስከ 12 ወራት ያድናሉ፤ የታማሚው ተቀባይ የትኛውም ዓይነት ቢሆን።