«ሲስተም የለም»

እናላችሁ፣ በቅርቡ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሰባተኛ፣ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ወረፋ ይዤ ቆሜያለሁ። ሰልፉ በሩን አልፎ ደጅ ወጥቷል። መብራት አለ፤ የጣሪያው አምፖሎች ቦግ ብለዋል፣ የወረፋ ቁጥር የሚያሳየው ሰሌዳም ቀይ ቁጥሩን እንዳበራ ነው። ብቻ ቁጥሩ አይንቀሳቀስም። ከመስተዋቱ ጀርባ ያለችው ልጅ እጇን አጣጥፋ የጠየቃትን ሁሉ በአንድ ቃል ትሸኛለች፦ «ሲስተም የለም።»

ከፊቴ የቆሙት አዛውንት በጥቁር ፌስታል የቋጠሩትን ብር ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወደ ጣሪያው አንጋጠጡ።

«ልጄ፣ መብራቱ ይኸው በርቶ አይደል እንዴ?»

«መብራትማ አለ አባባ። ሲስተም ነው የሌለው።»

«ይኼ ደግሞ አዲስ ነው!» አሉ ወደ እኛ ዞር ብለው። «ድሮ መብራት የለም ነበር የሚባለው። አሁን መብራት እያለም የለም መጣ?»

ሰልፉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳሰላስለው ግን አባባ የአገራችንን የኤሌክትሪክ ታሪክ በሁለት «የለም» ከፍለው እንዳስቀመጡት ገባኝ።

ከመጀመሪያው «የለም» እንነሳ። ኤሌክትሪክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1890 ዓ.ም. ግድም፣ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በተተከለ ጀነሬተር ነው። ያን ጊዜ መብራት የቤተ መንግሥት ነገር ነበረና ቢጠፋም የሚያማርር ሕዝብ አልነበረም። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲገባ የኃይል ማመንጫዎቹን በራሱ ኩባንያ ሥር አደረጋቸው፤ ገበያውን ከአራዳ አንስቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ሰፈር ያዛወረውም በዚያው የወረራ ዘመን ነው። ጣሊያን ሲወጣ ሥራውን የጠላትን ንብረት ያስተዳድር የነበረው ድርጅት ያዘው። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። መሥሪያ ቤቱ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሆነ፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ አንዱ የሚያመነጭ ሌላው የሚያከፋፍል ሆኖ ለሁለት ተከፈለ። ሰባተኛ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ግን ስሙ ዛሬም «መብራት ኃይል» ነው። ሕዝባችን አንዴ ያወጣውን ስም በአዋጅ አይለውጥም።

ከዚያ በኋላ ያለው የግድብ ታሪክ ነው። ቆቃ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አቅሙ 43 ሜጋ ዋት ነበር። አዋሽ ሁለትና ሦስት፣ ፊንጫ፣ መልካ ዋከና፣ ግልገል ጊቤ፣ ተከዜ፣ በለስ እያልን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደረስን፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የተመረቀበት ቀን ነው። ከቆቃ ጋር ሲተያይ ከመቶ እጥፍ በላይ! መሐል መሐል ላይ ደግሞ የፈረቃ ዘመናት አሉ። የ2001ዱን ፈረቃ የሚረሳ የለም። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ውኃ ቀነሰ ተብሎ እንደገና መጥቶብናል።

ይህ ሁሉ አንድ ነገር አስተምሮናል። መብራት ከጠፋ ወይ ውኃ ጎድሏል፣ ወይ ምሰሶ ወድቋል። መድኃኒቱም ሁለት ነው፤ መንግሥት ግድብ ይሠራል፣ ነጋዴ ጀነሬተር ይገዛል። በፈረቃው ዘመን መርካቶን በእግሩ ያቋረጠ ሰው ያን ድምፅ ያስታውሰዋል። በየሱቁ ደጅ የሚንደቀደቅ ጀነሬተር፣ የቤንዚን ሽታ፣ ዋጋ ለመከራከር የሚጮኸው ሰው። ጨርቅ ስትገዛ ከነጋዴው ጋር የተጣላህ ነበር የምትመስለው።

ጀነሬተር ግን ከውጭ ለሚመጣ ጨለማ ነው። ከውስጥ ለሚነሳው አይፈይድም። ወደ አባባ ሁለተኛ «የለም» የሚወስደን ይኸው ነው።

እርግጥ «ሲስተም የለም» ምክንያቱ ብዙ ነው። መንገድ ቆፋሪ የበጠሰው ኬብል ይሆናል፣ የሶፍትዌር ስህተት ይሆናል። አንደኛው ምክንያት ግን ይኸው ራሱ ኤሌክትሪክ ነው፤ የሰባተኛው ሳይሆን የሌላ ቦታው። የአባባ ሒሳብ የተመዘገበው ቅርንጫፉ ውስጥ አይደለም። ዳታ ሴንተር በሚሉት፣ ኮምፒውተር በመደርደሪያ በተደረደረበት ሩቅ ቤት ነው። እዚህ አምፖሉ ቦግ ብሎ እያለ፣ እዚያ መዝገቡ ያለበት መደርደሪያ ጨልሞ ሊሆን ይችላል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህማ ሽሮ የሚሸጥ፣ ጫማ የሚጠርግ፣ ታክሲ የሚያሳፍር ሁሉ ገንዘቡን በእንዲህ ያለ ቤት አስቀምጧል።

ቤቱ በሚገባ ይጠበቃል። ኤሌክትሪክ በሁለት መስመር ይገባል፤ ዋናው ሲቋረጥ ዩፒኤስ የሚባለው ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ይሸከማል፤ እስከዚያ ድረስ ናፍጣው ጀነሬተር ይነሳል። በዓለም መለኪያ «ደረጃ ሦስት» ለሚባለው ማዕከል የሚጠቀሰው አስተማማኝነት 99.982 በመቶ ነው፤ በዓመት ውስጥ ሊቋረጥ የሚችለው 1.6 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው እንደማለት። አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥም ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ እንደ ዊንጉና ራክሲዮ ያሉ ኩባንያዎች ቦታ የሚያከራዩ ማዕከሎች ከፍተዋል። ደግ ነው። ግን ይህ ሁሉ የመርካቶው ጀነሬተር ያማረ ዘመዱ ነው። ሽቦው ከባትሪው ወዲህ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ልብሱ ቢቀደድ ባትሪውም ናፍጣውም ምን ያደርጋሉ?

የሽቦ ልብስ ደግሞ ያረጃል። ሙቀት ያደርቀዋል፣ እርጥበት ይገባበታል፣ አይጥ ይበላዋል። በአንድ ጀምበር አይደለም። በመጀመሪያ ጥቂት ታፈሳለች፣ ከዚያ ትንሽ ትጨምራለች፣ በመጨረሻ ቧ!

የሰው ልጅ ለዚህ መጀመሪያ ያበጀው ዘብ ፊውዝ ነው። ኤዲሰን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አምፖሉን ለከተማ ሲያከፋፍል በመስመሩ መሐል ቶሎ የሚቀልጥ ቀጭን ሽቦ አስገባ። ጅረቱ ሲበዛ እሱ ቀልጦ ቤቱን ያተርፋል። የፊውዝ ጥበቡ ሞቶ ማዳን ነው። ቀጥሎ ብሬከር መጣ፤ ይኼኛው አይሞትም፣ ቀጭ ብሎ ይወድቃል፣ መልሰህ ታነሳዋለህ። በ1961 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሰው አካል ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚችል ዕድሜውን ያጠናው አሜሪካዊው ቻርልስ ዳልዚየል 5 ሚሊ አምፔር ብቻ ሲፈስ የሚቆርጥ መሣሪያ ሠራ። ዛሬ በብዙ አገር ቤት ውስጥ የሚገባው የዚህ ዓይነት መሣሪያ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ ነው። የስንት ሰው ነፍስ ተርፏል!

ሁሉም ግን ጠባያቸው አንድ ነው። ስህተት ሲያዩ ይቆርጣሉ። ለሰው ነፍስ ጽድቅ ነው። ያለማቋረጥ መሥራት ላለበት የባንክ መዝገብ ግን ዘቡ ራሱ ጨለማ አምጪ ይሆናል ማለት ነው። ሌባ ያየ ዘበኛ ሰፈሩን በሙሉ እንደሚያስር ዓይነት።

መቁረጥ የማያዋጣቸው ሰዎች ግን ጥንትም ነበሩ። የመርከብ ሰዎች ናቸው። ባሕር መሐል፣ በማዕበል ውስጥ፣ «ሽቦ ስላፈሰሰ ኃይል ዘግተናል» አይባልም። ስለዚህ ከሁለቱ ዋና ሽቦዎች መካከል ሁለት አምፖል ተከታትለው ይታሰሩና መገናኛቸው ከመርከቡ ብረት ጋር ይያያዛል። ሁሉ ደኅና ከሆነ ሁለቱም እኩል ፈዘዝ ብለው ይበራሉ። አንደኛው ሽቦ አካሉን ከነካ በዚያ በኩል ያለው አምፖል ይደበዝዛል፣ ጓደኛው ይፈካል። ተረኛው መካኒክ ይህን አይቶ፣ መርከቧ ሳትቆም፣ የተቀደደውን ሽቦ ይፈልጋል። ኃይል አልተቋረጠም፣ ወሬው ግን ደርሷል። እንዴት ያለ ብልሃት ነው!

በ1930ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ዋልተር ቤንደር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ የመካኒኩን ዓይን በመሣሪያ ተካው። ኤሌክትሪኩ ሥራ ላይ እያለ የሽቦውን ልብስ ያለማቋረጥ የሚለካ፣ ሲሳሳ የሚጮህ መሣሪያ ነው። በማዕድን ጉድጓድ፣ በኋላም ሐኪም ሆድ ከፍቶ በቆመበት የቀዶ ሕክምና ክፍል ይህ መንገድ የተወደደው ለዚሁ ነው፤ የመጀመሪያው ስህተት ሲመጣ ይናገራል እንጂ አያጨልምም።

ዳታ ሴንተር ውስጥ ያለው ዘዴ ትንሽ ይለያል፤ ሰባተኛ ያለ የመጋዘን ተቆጣጣሪ ግን በደንብ ያውቀዋል። መቶ ኩንታል በበሩ ገብቶ በዚያው በር መቶ ከወጣ ሒሳቡ ዜሮ ነው። 98 ከወጣ ሁለቱ በሌላ ቀዳዳ ሄደዋል። ኤሌክትሪክም የሄደበትን ያህል መመለስ አለበት። የሚሄደውና የሚመለሰው ሽቦ አንድ ላይ በአንድ ቀለበት ውስጥ ያልፋሉ፤ ቀለበቱ ልዩነቱን ይቆጥራል። ዜሮ ካልሆነ የሆነ ቦታ ወደ መሬት የሚፈስ አለ። ይህ ቀለበት እንደ ዳልዚየል መሣሪያ በሩን አይዘጋም። ትናንት ሁለት፣ ዛሬ ሦስት፣ ነገ አምስት እያለ ይነግራል። ባለሙያውም ሰው የማይሠራበትን የእሑድ ሌሊት መርጦ ያንኑ አንድ መስመር ብቻ ፈትቶ ይጠግናል። ቀን ወረፋ ላይ የሚቆመው ነገሩን አይሰማም።

ኮምፒውተር የሚበዛበት ቤት ሌላም ጣጣ አለው። ኒውትራል የሚባለው መላሽ ሽቦ ከመሬት ጋር መገናኘት ያለበት በአንድ ቦታ ብቻ ነው። አንድ ቸኩሎ የሚሠራ ኤሌክትሪሺያን ሌላ ቦታ ላይ ከደገመው ጅረቱ በውኃ ቧንቧና በዳታ ኬብል ልባስ ላይ መንሸራሸር ይጀምራል፤ ከዚያ ኮምፒውተሮች ሰበቡ በማይገኝ ችግር ይታመማሉ። ስለዚህ በዚያች በአንዷ መገናኛ ላይም ቀለበት ይቀመጣል።

ማንቂያ ደግሞ ማንቂያ የሚሆነው የሚሰማው ሲኖር ነው። ነሐሴ 8 ቀን 1995 ዓ.ም. አሜሪካና ካናዳ ውስጥ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው ጨለማ ውስጥ ገብቷል። ኦሃዮ ላይ የረገቡ የኤሌክትሪክ መስመሮች ዛፍ ይነካሉ፤ መስመር በመስመር ላይ ይቋረጣል። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሰዎች ግን ምንም አላዩም፤ የማንቂያው ሶፍትዌር ከአንድ ሰዓት በላይ ቀጥ ብሎ ነበርና። እነሱ ዝምታውን ደኅንነት ነው ብለው ተቀምጠዋል።

ለሰባተኛና ለመርካቶ የሽቦ ፍሳሽ ከሲስተም ያለፈ ነገር ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ሸማ ተራ አካባቢ ሱቆችን ያወደመውን እሳት አስታውሱ። መነሻው ምንም ይሁን ምን፣ ሱቅ ከሱቅ ተደጋግፎ በቆመበት ሰፈር አንዴ የተነሳን እሳት ደርሶ ማጥፋት እንዴት ከባድ እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ጥቂት መቶ ሚሊ አምፔር ፍሳሽ ደግሞ ለዓይን ሳይታይ፣ ከጣውላና ከጨርቅ ጋር ተጠግቶ፣ ለወራት ሊያሞቅ ይችላል።

ሰባተኛ ሱቅ ያለው አንድ ወዳጅ አለኝ። ሱቁ ውስጥ ያ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጠው መሣሪያ ነበር። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ቀጭ እያለ ቢያስቸግረው ምን አደረገ? አስነቅሎ ሽቦውን በቀጥታ አስቀጠለ። «አሁን ተገላገልኩ» አለኝ ደስ ብሎት። ከመቁረጥ በቀር ሌላ ቋንቋ የማያውቅ ዘብ ዕጣው ይኸው ነው፤ ይባረራል።

ብዙ ለምኜው አንድ የሰፈሩ አንጋፋ ኤሌክትሪሺያን መጡ። ትንሿን ፍሳሽ የሚለካ ባለ መንጋጋ መሣሪያ ከቦርሳቸው አወጡና ሁለቱን ሽቦዎች አንድ ላይ አስነከሱት፤ ያው የቀለበቱ ነገር ነው። 180 ሚሊ አምፔር። ወዳጄ ቁጥሩ ምንም አልመሰለውም። ሰውየው ግን መደርደሪያ እያስነሱ ሄደው ሄደው ከካርቶን ክምር ጀርባ በፕላስተር የተጠቀለለ የገመድ ቅጥያ አገኙ፤ ግማሹን አይጥ በልቶታል፣ ግድግዳው ጠቁሯል። ቆርጠው አውጥተው በአዲስ ቀየሩት። ያ የተነቀለ መሣሪያም ወደ ቦታው ተመለሰ፤ አሁን የሚቆርጥበት ምክንያት የለውም።

ሲጨርሱ እንደገና ለኩ። ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ከቆጣሪው አጠገብ ግድግዳው ላይ 4 ብለው ጻፉ፣ ከሥሩም ቀኑን። «በየወሩ እየመጣሁ እጽፋለሁ፤ ለዚህ ገንዘብ አልፈልግም፣ ሻይ ትጋብዘኛለህ» አሉት።

ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ጎራ ብዬ አየሁ። ግድግዳው ላይ ቁጥሩ ሦስት ደርሷል። 4፣ 4፣ 7። ወዳጄ ካርቶኖቹን እያነሳሳ ነበር።