ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ ጣፋጭ ሲያምር፦ ለመተማና ለምዕራብ ጎንደር ቆላ ልጆች

መተማ ዮሐንስ፣ ሚያዝያ፣ ከሰዓት በኋላ። ሙቀቱ 40 ዲግሪን አልፏል፤ መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል። ሰው ቤት ገብታችሁ ገና አረፍ ከማለታችሁ ሻይ ይመጣል። ስኳር ስንት ይደረግ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ተጨምሮበት፣ ተማስሎ ነው የሚቀርበው። ለብዙዎቻችን ይሄ የክብር መስተንግዶ ነው፤ ጠጥተን፣ አመስግነን እንወጣለን። ክብደት ለመቀነስ ብሎ ጨጓራውን በቀዶ ሕክምና ላሳነሰ ሰው ግን ያቺ ብርጭቆ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ላብ፣ የልብ ድለቃና ማዞር ልታመጣ ትችላለች። ባታመጣም ሌላ ጣጣ አላት፤ ወደ ታች እንመለስበታለን።

ይሄ ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ውስጥ በአንዳንድ የግል ሆስፒታሎች ይሠራል። ውጭ አገር ሄደው የሚሠሩም አሉ። ወደ ቤት ሲመለሱ የሚይዙት የአመጋገብ ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ ለሌላ አገር ማዕድ የተጻፈ ነው። ስለ ሐላዋ፣ ስለ ጥንቅሽ፣ ስለ ዐቢይ ጾም ምንም አይልም። ስለዚህ ለቆላው ልጅ የሚሆነውን ሰብሰብ አድርገን አቅርበናል። የሐኪማችሁን ምክር አይተካም፤ ሐኪማችሁን ምን እንደምትጠይቁ ለማወቅ ግን ይጠቅማል።

አምሮቱ ለምን ይመለሳል?

በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። ስሊቭ በሚባለው ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል፤ የቀረው እንደ ጠባብ ቱቦ ይሆናል። ባይፓስ በሚባለው ደግሞ ከጨጓራው ጫፍ እንቁላል የምታክል ከረጢት ትሠራና በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገናኛለች። ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለ ሆርሞን በአብዛኛው የሚመነጨው ከላይኛው የጨጓራ ክፍል ነው። ስሊቭ ያንን ክፍል ስለሚያስወግደው በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ሰው መብላቱን ራሱ ይረሳል። ጣፋጭ የሚያስጠላውም አለ።

ችግሩ ይሄ ጊዜ ማለፉ ነው። ከስድስት ወር እስከ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ለብዙዎች ረሃቡም አምሮቱም ቀስ እያለ ይመለሳል። ሰው የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው፤ "በቃ ከሸፈብኝ፣ እኔው ነኝ ደካማው" ይላል። አይደለም። የተቆረጠው ጨጓራ ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ ጠዋትና ከሰዓት ጣፋጭ ሻይ የለመደው አእምሮ እንዳለ ነው። ክብደት ያጣ ሰውነትም በበኩሉ ያጣውን ለማስመለስ ይገፋል፤ ቶሎ ጉልበት የሚሰጠው ደግሞ ስኳር ነው።

ሆድ ውስጥ ምን ይፈጠራል?

ያልተነካ ጨጓራ ምግቡን ይዞ፣ ፈጭቶ፣ በጥቂት በጥቂቱ ወደ አንጀት ይለቃል። የተሠራው ጨጓራ እንዲህ መያዝ ያቅተዋል። ስኳር የበዛበት ነገር፣ በተለይ የሚጠጣ ከሆነ፣ ትንሹ አንጀት ውስጥ በአንዴ ይዘረገፋል። አንጀቱ ያን የጠነከረ ስኳር ለማቅጠን ከደም ውሃ ይስባል። ሐኪሞች ዳምፒንግ ይሉታል፦ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ የሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ ላብ፣ የልብ ድለቃ፣ "ጋደም በል" የሚል ድካም። ባይፓስ በተሠሩት ላይ ይበዛል፤ ስሊቭ የተሠሩትም አያመልጡም።

ሁለተኛው ዓይነት የባሰ አታላይ ነው፤ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ ነው የሚመጣው። ስኳሩ ደም ውስጥ በፍጥነት ስለገባ ቆሽት ከሚገባው በላይ ኢንሱሊን ይለቃል፤ ከዚያ የደም ስኳር ከመጠን በታች ይወርዳል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቃል፣ ዓይን ይደበዝዛል፣ ሐሳብ ይዘበራረቃል። ጣፋጭም በኃይል ያምራል። ያ አምሮት ሆዳምነት አይደለም፣ የደም ስኳር መውረድ ነው። ሰውየው ሌላ ጣፋጭ ሻይ ይጠጣል፣ ይሻለዋል፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ይወርድበታል። እንዲህ ሲዞር የሚውል አለ። ከገንዳ ውሃ ወደ ጎንደር መኪና በሚነዳ፣ ባጃጅ በሚያሽከረክር ወይም በሰሊጥ አጨዳ ፀሐይ ላይ ማጭድ በያዘ ሰው ላይ ቢደርስ ምን ሊከተል እንደሚችል መገመት አያቅትም።

ስኳሩ ከወረደ በዚያች ሰዓት ስኳር መውሰድ ግድ ነው፤ "ተከልክያለሁ" አይባልም። ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል በትንሽ ውሃ በጥብጡና ጠጡ፤ መኪና ላይ ከሆናችሁ መጀመሪያ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ረጋ ስትሉ ወዲያው እንቁላል፣ ወተት ወይም ትንሽ ሽሮ አስከትሉ። ስኳሩን ብቻ ወስዳችሁ ከተነሳችሁ ዙሩ እንደገና ይጀምራል። ነገሩ ከተደጋገመ ደግሞ ሰዓቱንና ከዚያ በፊት የበላችሁትን ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ለሐኪም አሳዩ።

ዋናው ነገር ብርጭቆው ነው

ቆላ ላይ ጣፋጭ ማለት በአብዛኛው ኬክ አይደለም። የሚጠጣ ነው፦ ሻይ፣ ለስላሳ፣ ጁስ፣ ስኳር የበዛበት ከርከዴ። ከጋላባት ማዶ ካሉት ጎረቤቶቻችን ጋር የምንጋራው የሻይ ልማድ ደግሞ በስኳር አይሰስትም። እስኪ እናስላው። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። ሦስት ማንኪያ ያለው ሻይ 12 ግራም፤ በቀን አራት ጊዜ ከተጠጣ 48 ግራም። ለስላሳ ከታከለበት ደግሞ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዘው የተለመደው ጠርሙስ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለማንኛውም ጤነኛ ሰው የሚመክረው የተጨመረ ስኳር ቢቻል በቀን ወደ 25 ግራም ዝቅ እንዲል ነው።

ከላይ "ሌላ ጣጣ" ያልነው እዚህ ጋ ነው። ጠጣር ምግብ ትንሿን ጨጓራ ቶሎ ሞልቶ "በቃኝ" ያሰኛል። ፈሳሽ ግን ሹልክ ብሎ ያልፋል። ግማሽ እንጀራ መጨረስ ያቃተው ሰው አምስት ጣፋጭ ሻይ ያለ ችግር ሊጠጣ ይችላል። ዳምፒንግ ካልያዘውም ምልክት የሚሰጠው ነገር የለም፤ ክብደቱ ግን ይመለሳል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ምግቡን ከመመርመራችሁ በፊት ከብርጭቆው ጀምሩ።

በአንዴ መተው የሚችል ይተው። የማይችል በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ይቀንስ፤ ምላስ ይለምዳል። ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ሄል ወይም ዝንጅብል ጠንከር አድርጎ ማፍላት የስኳሩን ጉድለት በደንብ ይሸፍናል። የሰው ቤት ሲሆን ጥያቄው ሻዩ ከመቀዳቱ በፊት መምጣት አለበት። "እትዬ፣ ለኔ ያለ ስኳር ያድርጉልኝ፣ ሐኪም ከልክሎኛል" በቂ ነው። ጥፋቱን ሐኪሙ ላይ መጣል ነውር የለውም፤ ከ"አልፈልግም" በጣም ይሻላል፣ ባለቤቷም አትቀየምም። ተቀድቶ ከመጣ አንዴ ፉት ብሎ ማስቀመጥ ይቻላል። ስኳር አልባ ለስላሳስ? ስኳሩ የለም፣ ጋዙ ግን አለ፤ ትንሽ ጨጓራን ይነፋል፣ የጣፋጭ ልማዱንም አያስረሳም። አንመክረውም።

ጥማት ወይስ አምሮት?

ይሄኛው የቆላ ጉዳይ ነው። የተሠራ ጨጓራ አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ትንፋሽ አያስተናግድም፤ ስለዚህ በሙቀት ወቅት ሰው ሳያውቀው ውሃ ያጥረዋል። የውሃ እጥረት ደግሞ ራስ ምታት፣ ድካምና "የሆነ ነገር ቅመስ ቅመስ" የሚል ስሜት ያመጣል። ጣፋጭ ባማራችሁ ቁጥር መጀመሪያ ጥቂት ጉንጭ ውሃ ጠጥታችሁ ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ብዙ ጊዜ ያልፋል። በቀን ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል፣ በመጋቢትና ሚያዝያ ከዚያም በላይ ያስፈልጋል፤ ግን ፉት እያላችሁ፣ ቀኑን ሙሉ። ከምግብ ጋር አትጠጡ፤ ከበላችሁ በኋላም ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ ፈሳሹ ምግቡን ወደ አንጀት ስለሚገፋው። በእንስራ የቀዘቀዘ ውሃ ወይም ያለ ስኳር የተዘፈዘፈ ከርከዴ ጥሩ ነው። ከርከዴው ይጎመዝዛል፤ እሱ ራሱ አፍን ከጣፋጭ ይመልሳል።

አንድ ማሳሰቢያ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ መተማ አካባቢ ኮሌራ ገብቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ተቅማጥ ከያዛችሁ "ስኳር አለው" ብላችሁ ኦአርኤስ እንዳትተዉ። አንድ ሊትር ኦአርኤስ ውስጥ ያለው ግሉኮስ 13.5 ግራም ብቻ ነው፤ የተቀመጠውም ጨውና ውሃውን አንጀት እንዲቀበል ነው። በትንሽ በትንሹ ጠጡና ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

"ተፈጥሯዊ ነው" የሚባሉት

የቋራ ማር ምን የመሰለ ነገር ነው። ግን ከክብደቱ 80 በመቶ ገደማው ስኳር ነው፤ ለተሠራ ጨጓራ ማርና ስኳር ያው ናቸው። ደረቅ ተምር ከግማሽ በላይ ስኳር ነው፤ አንዷን ከለውዝ ጋር መብላትና ሰባት መብላት ይለያያሉ። ሐላዋ ሰሊጥ ስለሆነ ጤናማ ይመስላል፤ ግማሽ ያህሉ ግን ስኳር ነው። የራሳችን ሰሊጥ ተቆልቶ፣ ያለ ስኳር፣ አንድ ሁለት ማንኪያ ቢበላ ይመረጣል፤ ግማሽ ያህሉ ዘይት ስለሆነ ግን በእፍኝ አይበላም። ጥንቅሽ ስታላምጡ የምትውጡት የስኳር ውሃ ነው። ማንጎ ከሆነ በቁራጭ፣ ከምግብ በኋላ ይበላል፤ ጁስ ተደርጎ አይጠጣ።

ፕሮቲንና ጾም

አምሮትን ከሥሩ የሚያላላው ፕሮቲን ነው፤ ሆድ ውስጥ ይቆያል፣ የደም ስኳርንም ያረጋጋል። የተለመደው ምክር በቀን ቢያንስ 60 ግራም ነው፤ ሰሃኑ ላይ መጀመሪያ እሱ ይበላል፣ እንጀራው መጨረሻ። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው፣ አንድ መካከለኛ ብርጭቆ ወተትም እንደዚያው።

ዐቢይ ጾም ግን 55 ቀን ነው፤ የሚውለውም ቆላው እንደ ምድጃ በሚግልበት ወራት። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ፕሮቲን አለው፤ 60 ግራም ከምስር ብቻ እናግኝ ካላችሁ ከ600 ግራም በላይ መብላት ሊኖርባችሁ ነው። ያቺ ጨጓራ አትችለውም። ጎደሎው በዳቦና በጣፋጭ ሻይ ይሞላል፣ አምሮቱም የሚብሰው በጾም ይሆናል። ስለዚህ ጾሙ ሳይገባ ከሐኪምም ከንስሐ አባትም ጋር ተነጋገሩ። ረመዳን ለሚጾሙም እንዲሁ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ አለመጠጣት በተለይ በመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነው፤ ለታመመ ሰው ሃይማኖቱ ራሱ ፈቃድ ይሰጣል። ከሐኪምና ከሼኩ ጋር ምከሩ።

ማታ ማታ የሚያምራችሁ ከሆነ ደግሞ እንቅልፍ፣ ብቸኝነትና ጭንቀትም አሉበት። በዚህ ሁለት ሦስት ዓመት አካባቢያችን ያየውን እናውቃለን፤ ሰው በጣፋጭ ቢጽናና አይገርምም። ጣፋጩን ትቶ ወደ አረቄ መዞር ግን አደገኛ ነው፤ ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ አልኮል በጣም ፈጥኖ ደም ውስጥ ይገባል፣ ሱስ የመሆን ዕድሉም ይጨምራል።

ለሐኪም ሳትናገሩ የማይታለፉ

የስኳር ሕመም መድኃኒት፣ በተለይ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ ከሆነ መጠኑ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንደገና መታየት አለበት። በድሮው መጠን መቀጠል የደም ስኳርን አደገኛ ደረጃ ድረስ ያወርዳል። እርጉዝ የሆናችሁ ደግሞ ለስኳር ምርመራ የሚጠጣው ግሉኮስ ዳምፒንግ ሊያስነሳ ስለሚችል ከመጠጣታችሁ በፊት መሠራታችሁን ተናገሩ፤ ሌላ የመመርመሪያ መንገድ አለ። ራስን መሳት፣ የማይቆም ትውከት፣ ትኩሳት ያለው የሆድ ሕመም ከመጣ ቤት አይቆይም። ትውከቱ ከቀጠለ ቫይታሚን ቢ1 ያልቅና ነርቭ ይጎዳል።

ከመተማ ዮሐንስ እስከ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ድንገት የምትደርሱበት የጤና ባለሙያ ምን እንደተሠራላችሁ ላያውቅ ይችላል። የቀዶ ሕክምናውን ዓይነት፣ ቀኑንና የምትወስዱትን መድኃኒት የያዘውን ወረቀት አሁኑኑ ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ለአንድ የቤተሰብ ሰውም ላኩለት፤ ኔትወርክ ሲጠፋም እንዲከፈት ጋለሪ ውስጥ ይሁን።